መጀመሪያ የመጣው የቱ ነው፣ በሽታው ወይስ ድህነቱ?

ታናሽ_ወንድም፦
ሰላም ናችሁ? ከጓደኛዬ ጋር የጀመርነው ክርክር አላልቅ ብሎኝ ነው። ታላቅ ወንድሜ ጫኝና አውራጅ ነበር፣ በቀን ሒሳብ። አምና ወገቡን ያዘውና ሐኪሙ የሦስት ሳምንት ዕረፍት ጻፈለት። ያልሠራበት ቀን አይከፈለውም፤ በአራተኛው ቀን ወገቡን በቀበቶ ጠፍሮ ተመለሰ። አሁን ጎንበስ ማለት ስለማይችል የጫማውን ክር የማስርለት እኔ ነኝ። ሥራውም ቀረ። እኔ ደግሞ የቢሮ ሰው ነኝ፤ በዚያው ሰሞን ጉንፋን ይዞኝ ሁለት ቀን ተኛሁ፣ ከደመወዜ ምንም አልጎደለም። ጓደኛዬ ግን "ሰው ታሞ ነው የሚደኸየው እንጂ ደሃ ስለሆነ አይታመምም" ባይ ነው። እናንተስ?

ቁጥር_ወዳድ፦
ጓደኛህ ግማሹን ይዞታል። የታመመ ሰው ሥራ ያጣል፣ ገቢው ይወርዳል፣ ይሄ አያከራክርም። ሌላውን ግማሽ ግን ተመልከት። እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ወደ 18,000 የሚጠጉ ወንድ የመንግሥት ሠራተኞችን መከታተል ተጀመረ፤ የዋይትሆል ጥናት ይባላል። ሁሉም ሥራ አላቸው፣ ሕክምናውም በመንግሥት የሚሸፈን ነው። እንዲያም ሆኖ በታችኛው እርከን ያሉት በልብ ሕመም የሚሞቱበት መጠን ከላይኞቹ ወደ ሦስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ሲጋራውም ደም ግፊቱም ታስቦ ልዩነቱ አልጠፋም። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ደግሞ ነገሩ የደሃና የሀብታም ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ደህና ደመወዝ የሚበላው ከላይ ሁለተኛው እርከን እንኳ ከአለቆቹ የባሰ ነበር።

የማታ_ፈረቃ፦
እኔ ከራሴ ልናገር። ጥበቃ ነኝ፣ ማታ አንዱ ጋ፣ ቀን ሌላው ጋ፤ የአንዱ ደመወዝ ከቤት ኪራይ አያልፍማ። የግፊት ኪኒን ታዞልኛል፣ በየቀኑ ነው የሚዋጠው። ወሩ ሊያልቅ ሲል ግን እንዲዳረስልኝ አንድ ቀን እየዘለልኩ እውጣለሁ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጡትን አንብቤ ሳቄ መጣ፤ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ 35 በመቶ ገደማ ይበልጣል ይላል። እኔ ሰዓት መቁጠር ካቆምኩ ቆየሁ። ሐኪሙ "ሥራ ቀንስ" ይለኛል። ቀንሼ ምን ልብላ?

ታዛቢ፦
የማታ ፈረቃ፣ እግዜር ይማርህ ወንድሜ። ሥራ ማጣቱም የራሱ ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ኦስትሪያ ውስጥ ማሪየንታል የምትባል መንደር ፋብሪካዋ ተዘግቶ ነዋሪው ሥራ ፈት ሆነ። ተመራማሪዎች ገብተው ኑሯቸውን አጠኑ። ቀኑን ሙሉ ትርፍ ጊዜ እያላቸው ከቤተ መጻሕፍት የሚዋሱት መጽሐፍ ቀነሰ። ወንዶቹ መንገድ ላይ እርምጃቸው ዘገምተኛ ሆነ፣ በየመሐሉም ቆም ይላሉ። ሴቶቹ ፈጠን ይሉ ነበር፣ የቤት ሥራው አልተዘጋማ! ሰው ያጣው ደመወዝ ብቻ አልነበረም ለማለት ነው።

ታናሽ_ወንድም፦
ወንድሜም እንደዚያው ነው፣ በር ላይ ቆሞ ይውላል። ግን የገቢ ልዩነቱስ? ሌላው ሀብታም ስለሆነ እኔ እታመማለሁ?

ቁጥር_ወዳድ፦
እዚህ ላይ ተመራማሪዎቹም ይጨቃጨቃሉ። አንዱ ወገን ከሰው በታች ሆኖ መኖር በራሱ ያሳምማል ይላል። እኔ የሚያሳምነኝ ቀላሉ ሒሳብ ነው። ፕሬስተን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1975 የአገሮችን ገቢና ዕድሜ አነጻጽሮ ነበር፤ ገቢ ሲጨምር ዕድሜ ይረዝማል፣ ከፍ ባለ ቁጥር ግን ጭማሪው እያነሰ ይሄዳል። በሰውም ደረጃ እንዲሁ ከሆነ ለሀብታሙ ትንሽ ዕድሜ የምትጨምር ገንዘብ ለደሃው ብዙ ትጨምራለች። ስለዚህ አማካይ ገቢያቸው እኩል ከሆነ ሁለት አገሮች ውስጥ፣ ክፍፍሉ የተዛባበት አገር አማካይ ዕድሜው ያጥራል፣ ማንም በማንም ባይቀና እንኳ።
ወንድምህን የጎዳው ግን ያ ያልተከፈለ ሦስት ሳምንት ይመስለኛል። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1883 ባወጣችው የሠራተኞች የሕመም መድን ሕግ የታመመ ሠራተኛ እስከ 13 ሳምንት ድረስ የደመወዙን ግማሽ ያገኝ ነበር።

ታናሽ_ወንድም፦
በ1883? ግማሹን እንኳ ቢያገኝ ይተኛ ነበር እኮ።