ምክር የማይሰጥ ቴራፒስት አጋጥሟችሁ ያውቃል?

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ለንደን ነው። የመኖሪያ ወረቀት አግኝቻለሁ፣ ሥራ አለኝ፣ ለቤተሰብም እልካለሁ። ግን ሁሉም ነገር ባዶ ሆኖብኛል። ኤግዚስቴንሻል ቴራፒ (ስለ ሕይወት ትርጉምና ስለ ምርጫ የሚያነጋግር የንግግር ሕክምና) የምትሰጥ ቴራፒስት ጋ ጀመርኩ። ሴትዮዋ ትጠይቃለች እንጂ ምንም አትመክርም። ገንዘቤን በከንቱ እያወጣሁ ይሆን?

መልስ 1፦
እህቴ፣ አካሄዱ ራሱ እንደዛ ነው። እኛ የለመድነው የንስሐ አባት ወይም ታላላቆች «እንዲህ አድርጊ» ሲሉን ነው። እዚህ ግን ውሳኔው ያንቺው ነው። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ኧርቪን ያሎም እ.ኤ.አ. በ1980 ስለዚሁ ሕክምና ባሳተመው መጽሐፍ አራት ነገሮችን ያነሳል፦ ሞት፣ ነጻነት፣ ብቸኝነትና የትርጉም እጦት። ጭንቀታችን ከነዚህ ጋር ስንፋጠጥ የሚመጣ ነው ባይ ነው።

እኛን የሚከብደን ነጻነት ይመስለኛል። «መላክ ግዴታዬ ነው፣ ምርጫ የለኝም» ብትያት፣ አትላኪ አትልሽም። «ብታቆሚ ምን ይመጣል? የምትፈሪው ምኑን ነው?» ትልሻለች። ከዚያ በኋላም ትልኪ ይሆናል፤ ግን ወደሽና መጠኑን ራስሽ ወስነሽ። እውነት ለመናገር፣ ቤተሰብን እንደ ሸክም ብቻ የሚያዩ ቴራፒስቶችም አሉ። ያንቺዋ እንደዛ ከሆነች ፊት ለፊት ንገሪያት። ካልገባት ቀይሪያት፣ ምን ይሉኝ አያስፈልግም።

መልስ 2፦
እኔ ደግሞ ስለ አሠራሩ ልጨምር። እንግሊዝ ውስጥ «ሳይኮቴራፒስት» ነኝ ማለት በሕግ አልተገደበም፤ ማንም ሊለው ይችላል። ስለዚህ ስሟን በቴራፒስቶች የሙያ ማኅበራት፣ ማለትም በዩኬሲፒ ወይም በቢኤሲፒ መዝገብ ላይ ፈልጊ። በኤንኤችኤስ (በመንግሥት የጤና አገልግሎት) በኩል የሚሰጠው የንግግር ሕክምና ነጻ ነው፤ ጂፒ (የሰፈርሽ ጠቅላላ ሐኪም) ሳይልክሽ ራስሽ መመዝገብ ትችያለሽ፣ አስተርጓሚም ጠይቂ። እዚያ በብዛት የምታገኚው ግን ሲቢቲ የሚባለው የሕክምና ዓይነት ነው፤ እሱ የሚያተኩረው ሐሳብና ልማድ ላይ ነው።

እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለሽ ቅድሚያ ለጂፒ ንገሪ። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽማ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ 111 ደውለሽ 2 ቁጥርን ተጫኚ። ሕይወትሽ አደጋ ላይ ከሆነ 999።

ጠያቂዋ፦
ተባረኩ። ስሟን መዝገቡ ላይ አገኘሁት። ክፍያው ግን ከብዶኛል።

መልስ 1፦
ቅናሽ እንዳላት ጠይቂያት፣ ብዙዎቹ ገቢ አይተው ይቀንሳሉ። ካልሆነ ማሠልጠኛ ተቋማት ጋ ሞክሪ፤ ተማሪዎቹ በአስተማሪ ክትትል በርካሽ ይሠራሉ።