«ተፈጨች እንጂ አልጠፋችም» ላሉን

ግርምቢጥ፦ ትናንት ስለ ኩሊንድሮፕላክስ፣ ስለዚያች የጥንት ባሕር ፍጥረት ቅሪተ አካል ሲወራ አንዱ «ተፈጨች እንጂ አልጠፋችም» ብሎ ስንቱ ላይክ አደረገለት። ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ አደረ። እንግሊዝ አገር፣ ሄርፎርድሺር፣ በእሳተ ገሞራ አመድ ተቀብራ 425 ሚሊዮን ዓመት የቆየች ፍጥረት! ጀርባዋ ላይ ሰባት ቅርፊት የደረደረች። እኛ እጅ ስትገባ በሞረድ አለቀች። ይሄ ካልጠፋች፣ መጥፋት ምንድነው?

የላብ ልጅ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እላለሁ። እሷም ካልሳይት (የኖራ ድንጋይ ማዕድን)፣ የያዛትም ድንጋይ ካልሳይት ያለበት ነው። ራጅ ብታነሳት በቅጡ አይለይልህም። ስለዚህ ከፀጉር የሳሳ ንብርብር እየሞረዱ፣ እያንዳንዱን ፎቶ እያነሱ፣ መጨረሻ ላይ በኮምፒውተር ይገጣጥሟታል። ባትሞረድ ኖሮ ያለህ አንድ ድቡልቡል ድንጋይ ነበር።

ግርምቢጥ፦ «አልጠፋችም» ካልክ አምጣታ።

የላብ ልጅ፦ ምስሏ አለ። እያዞርክ በፈለግከው ጎን እያት።

ግርምቢጥ፦ የአያቴም ፎቶ ሳሎን ተሰቅሏል። እሳቸውም አልሞቱም በለኛ!

ሰምና ወርቅ፦ 😂😂 ነፍስ ይማር

ጡረተኛው መምህር፦ ልጆች፣ ቀልዱን ለጊዜው ተዉት። እዚያው ቦታ የተገኘችው ሌላዋ ቅሪተ አካል፣ አካይኖፕላክስም እንዲሁ ነው የተሞረደችው። እ.ኤ.አ. በ2001 የሞረዷት ተመራማሪዎች፣ እነ ሳተን፣ «ሞለስክ ናት፣ የነቀንድ አውጣ ወገን» አሉ። በዚያው ዓመት እነ ስታይነር «የለም፣ ባለ ብሩሽ የባሕር ትል ናት» ብለው ተነሱባቸው። እንግዲህ ዳኛ ፊት የሚቀርበው ማስረጃ በኮምፒውተር የተገጣጠመው ሞዴል ነው። ሞዴሉን የሠራው ደግሞ አንደኛው ተከራካሪ! እኔን የሚያሳስበኝ ይኼ ነው።

የላብ ልጅ፦ ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ፤ ግን እነ ስታይነር መከራከር የቻሉትም ሞዴሉ ስለነበረ ነው። ከድቡልቡል ድንጋይ ጋር ማን ይከራከራል?

ግርምቢጥ፦ የ2001 ካሜራ ያላየውን ነገር ዛሬ ማን ያይልሃል? ነገ የተሻለ መሣሪያ ቢመጣ ምኗን ነው የምታሳየው? ዱቄቷን? ወይስ እሱም «አልጠፋም»?

ቀጥታ ተናጋሪ፦ ለአንዲት ትል ይሄ ሁሉ?

የላብ ልጅ፦ ትል አይደለችም!! ቁም ነገሩ እኮ እዚህ ጋ ነው። ዛሬ ባሕር ውስጥ ቅርፊት የሌላቸው፣ ትል የሚመስሉ ሞለስኮች አሉ። ብዙ ሰው «የጥንቱ ሞለስክ እንደነሱ ራቁቱን ነበር» ይል ነበር። ኩሊንድሮፕላክስ እ.ኤ.አ. በ2012 ስትታተም የነሱ ዘመድ ሆና ቅርፊት ለብሳ ተገኘች። ለካ ራቁታቸውን አልተፈጠሩም፣ ልብሳቸውን ጥለው ነው! ግርምቢጥ፣ ይሄን የነገረህ ሞረዱ ነው።

ግርምቢጥ፦ እሺ፤ ድንቅነሽንስ «ሞርደን ፎቶዋን እናስቀምጥላችሁ» ቢሉህ?

የላብ ልጅ፦ ምን አገናኘው? እሷ እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ፣ ኦስቲን ላይ በሲቲ ስካን ታይታ ከ30 ሺህ በላይ ምስል ወጥቶላታል፤ አንዲት ቅንጣት አልተነካችም። ስካን የሚሠራ ከሆነ ማን ሞረድ ያነሳል?

የሐዳር ሰው፦ ቆይ፣ መጀመሪያ ኦስቲን ምን ልትሠራ ሄደች? እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2013 አጥንት ለኤግዚቢሽን ተብሎ አሜሪካ ለስድስት ዓመት ይዞራል? ያኔ ስንጮህ «አትጠፋም፣ ትመለሳለች» ያላችሁን እናንተው ናችሁ።

ቀጥታ ተናጋሪ፦ ተመለሰች አይደል እንዴ?

የሐዳር ሰው፦ ብትሰበርስ ኖሮ?

ሰምና ወርቅ፦ «ተሰበረች እንጂ አልጠፋችም» ይሉሃላ

የላብ ልጅ፦ ያቺን ቃል እስከ ዕለተ ሞቴ ልትጠቅሱብኝ ነው?

ግርምቢጥ፦ ስትሞት ፎቶህን እናስቀምጣለን፣ አትስጋ።

ጡረተኛው መምህር፦ የድንቅነሽን ጉዳይ ለብቻው ክፈቱት። ጥያቄዬ አልተመለሰም፤ ወደ ቀንድ አውጣዋ እንመለስ።

የላብ ልጅ፦ ጋሼ፣ ቀንድ አውጣም አይደለችም!