ቀዝቃዛ ሻይ ፍሪጅ ሲገባ ለምን ይደፈርሳል? ናናውስ ሽታው የት ሄደ?

እሙ ናና፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ነገር አስቸግሮኛል፣ አንድ ላይ ልጠይቅ። ለ1 ሊትር ውኃ 3 የሾርባ ማንኪያ ጥቁር ሻይ ቅጠል አድርጌ 10 ደቂቃ አፈላና ትኩሱን ፍሪጅ አስገባዋለሁ። ሲቀዘቅዝ ወተት ጠብ ያለበት ይመስል ይደፈርሳል፤ ሲጠጣም ምላስ ያደርቃል። ሁለተኛው፣ በረንዳ ላይ በአበባ ማሰሮ ያለው ናና ግንዱ ብቻ ተመዞ ቅጠሉ ትንንሽ ሆኗል፣ ሽታም የለውም። በየሳምንቱ ማዳበሪያ ይገባለታል። ምን ጎደለው?

ፈላ በሉ፦
ሻዩ አልተበላሸም፣ አትድፊው። ካፌይንና ፖሊፌኖል የሚባሉት የሻይ ንጥረ ነገሮች በሙቅ ውኃ ይሟሟሉ። ውኃው ሲቀዘቅዝ እርስ በርስ ይያያዙና እንደ ደመና ሆነው ይታያሉ። ሻዩ በወፈረ ቁጥር ይብሳል፤ የቧንቧው ውኃ ካልሲየም ከበዛበትም እንደዚያው። አሁን ያለሽን ለማጥራት ጥቂት የፈላ ውኃ ጨምሪበት፣ ሲሞቅ ይጠራል።

ምላስ የሚያደርቀው 10 ደቂቃ መንተክተኩ ነው። ውኃው ከፈላ በኋላ እሳቱን አጥፍተሽ ቅጠሉን ጨምሪ፣ ከ4 ደቂቃ በላይ አታቆዪው። ማጥለያው ላይ የቀረውን ቅጠል በማንኪያ መጭመቅም ይቅር፤ ከሚወጣው ውስጥ ብዙው ምሬት ነው።

የበጋ ሻይ ከሆነ ግን ከነጭራሹ እሳት አያስፈልገውም። 10 ግራም ቅጠል (2 ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ ገደማ) በ1 ሊትር ቀዝቃዛ የመጠጥ ውኃ ዘፍዝፈሽ፣ ክዳን ያለው ጆግ ውስጥ ፍሪጅ አሳድሪው። ለጥቁር ሻይ 8 ሰዓት፣ ለአረንጓዴ 6 ይበቃል። ቀዝቃዛ ውኃ ምሬቱን በትንሹ ብቻ ስለሚያወጣ ሻዩ ጥርት ያለና ለስላሳ ይሆናል። ጠዋት አጥልይው፣ በ2 ቀን ውስጥ ይጠጣ። ጆጉን ፀሐይ ላይ አስቀምጦ ቅጠሉን መዘፍዘፍ የሚወዱ አሉ፤ እኔ አልመክርም፤ ውኃው ለብ ብሎ ሰዓታት ሲቆይ ለባክቴሪያ ይመቻል እንጂ አይገድለውም።

የጓሮ ሰው፦
ስለ ሻዩ ተነግሯል፣ እኔ ወደ ናናው። መጀመሪያ ማሰሮውን ዘቅዝቀው ናናውን ከነአፈሩ ያውጡት። ሥሩ የማሰሮውን ግድግዳ ተከትሎ እንደ ገመድ ተጠቅልሎ ከሆነ ቦታ ጠቦታል ማለት ነው። ናና አፈር ውስጥ ስር ለስር እየሄደ የሚዛመት ተክል ስለሆነ ማሰሮውን ቶሎ ይሞላዋል። በስለት ለሦስት ወይም ለአራት ይክፈሉት፤ መሃል ያለውን ያረጀ ክፍል ይጣሉ፤ ከዳር ያለውን ወጣት ቡቃያ ደግሞ ይትከሉ። ግንዱን ከአፈሩ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል አስቀርተው ይከርክሙት፤ ራቁቱን ቢቀርም አይደንግጡ፣ ከሥሩ ይመለሳል።

ማሰሮው 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው፤ ታቹ ካልተበሳ ሥሩ ይበሰብሳል። 2 እጅ አፈር፣ 1 እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ 1 እጅ አሸዋ ይቀላቅሉ። ሽታውን ያጠፋው ግን አንዱ ማዳበሪያው ነው። ናይትሮጅን ሲበዛ ተክሉ ለስላሳና ውኃማ ሆኖ ይመዘዛል፣ ዘይቱ ይሳሳል። ኮምፖስት ካለው ለሁለት ወር ምንም አይስጡት። ግንዱ መመዘዙ ደግሞ ብርሃን እንዳነሰው ይናገራል፤ በቀን ቢያንስ 4 ሰዓት ፀሐይ ያግኝ፣ የጠዋቷ ትሻላለች።

ሲቆርጡ ቅጠል ቅጠሉን አይልቀሙ። ግንዱን ከአንድ ጥንድ ቅጠል ከፍ ብለው ይቁረጡት፤ ከአንጓው ሁለት ቅርንጫፍ ይወጣል። በአንድ ጊዜ ከሲሶው በላይ አይውሰዱ። የአበባ እንቡጥ ካዩ ወዲያው ይቀንጥሱት። ከቅጠሉ ስር ብርቱካናማ ዱቄት ካለ ዋግ ነው፦ ያን ግንድ ከሥሩ ቆርጠው ይጣሉ፣ ኮምፖስት ውስጥ ግን አያስገቡት፤ ውኃም ቅጠሉ ላይ ሳይሆን አፈሩ ላይ ያፍስሱ።

ማር አይገባበትም፦
ስኳሩ ተረሳ። ቀዝቃዛ ሻይ ውስጥ ስኳር ቶሎ አይሟሟም፣ ታች ይተኛል። 200 ግራም ስኳር በ200 ሚሊ ሊትር ውኃ እስኪሟሟ ብቻ አሙቂ፣ እሳቱን አጥፊ፣ አንድ እፍኝ ናና ጨምረሽ ከድኚው። ከ15 ደቂቃ በኋላ አጥልይው። ናናውን አብሮ ማፍላት ኪሳራ ነው፤ ወጥ ቤቱን የሚሞላው ሽታ ከሻዩ የጎደለው ነው። ሎሚ ከወደድሽ ስትቀጂ ጨምሪ፤ ጥቁር ሻይ ቀለሙ ፈካ ቢል አይግረምሽ፣ የሎሚው አሲድ ነው።

እሙ ናና፦
ተባረኩ! ሥሩን አየሁት፣ እውነትም እንደ ገመድ ተጠቅልሏል። ናናውን ቀዝቃዛው ውኃ ውስጥ ከሻይ ቅጠሉ ጋር አብሬ ላሳድረው?

ፈላ በሉ፦
ይሆናል፣ ግን መጨረሻ ላይ። ሙሉ ሌሊት ካደረ ሣር ሣር ይላል። ሻዩን ካጠለልሽ በኋላ 5 ወይም 6 ዘለላ በመዳፍሽ መሃል አንዴ ጠፍ አድርገሽ ጣይበት፣ 2 ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ አውጪው። አትውቀጪው፤ የተወቀጠ ናና ይጠቁራል፣ ጆጉንም እንደገና ያደፈርሰዋል።