የግራፊክስ ካርድ ሚሞሪ መጠን ብቻውን ምን ይነግረናል?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። የቆየውን ኮምፒውተሬን ከመለወጥ ይልቅ ግራፊክስ ካርድ ልጨምርበት አስቤአለሁ። 8 ጊጋባይት ራም ያለው ሲሆን የሚሠራው ከፕሮሰሰሩ ጋር በተዋሐደው ግራፊክስ ነው። ይሁን እንጂ ታስክ ማኔጀር ወደ 4 ጊጋባይት የሚጠጋ የግራፊክስ ሚሞሪ እንዳለኝ ስለሚያሳይ፣ 2 ጊጋባይት ያለው ካርድ ብገዛ ወደ ኋላ መመለስ አይሆንብኝም? ስማቸውም የሚሞሪ መጠናቸውም አንድ ሆኖ ዋጋቸው የሚለያይ ካርዶችስ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መልስ 1፦
ያዩት 4 ጊጋባይት የግራፊክሱ የግል ንብረት አይደለም። ዊንዶውስ ግራፊክሱ ሲያስፈልገው ከራሙ እስከ ግማሽ ድረስ እንዲጋራ ስለሚፈቅድለት ያንኑ ጣሪያ ቆጥሮ ያሳያል። ያም ራም ፕሮሰሰሩ ራሱ የሚጠቀምበት በመሆኑ ሁለቱ በአንድ መስመር ይሻማሉ። ራሱን የቻለ ካርድ ግን ከቺፑ አጠገብ የተበየደ የራሱ ሚሞሪ ስላለው፣ ቁጥሩ ቢያንስም ወደ ኋላ ተመለሱ ማለት አይደለም።

የዋጋው ልዩነት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሚሞሪው ዓይነት ነው። የኤንቪዲያ ጂቲ 1030 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 ሲወጣ 2 ጊጋባይት ጂዲዲአር 5 (ለግራፊክስ ተብሎ የተሠራ ፈጣን ሚሞሪ) ይዞ ነበር፤ በ2018 ግን በዚያው ስም 2 ጊጋባይት ዲዲአር 4 (ለተራ ራም የሚያገለግለው ዓይነት) የያዘ ሌላ ካርድ ቀረበ። የሁለቱም የሚሞሪ መስመር 64 ቢት ሲሆን፣ በመጀመሪያው በእያንዳንዱ ቢት በሰከንድ 6 ጊጋቢት ስለሚያልፍ 64 በ6 ተባዝቶ ለ8 ሲካፈል በሰከንድ 48 ጊጋባይት ይሆናል። ሁለተኛው 17 ጊጋባይት እንኳ አይሞላም። ገዢ በስም ሊለየው የማይችለውን ይህን ያህል ልዩነት በአንድ መጠሪያ መሸጥ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት የሚሞሪውን ዓይነትና የመስመሩን ስፋት ከዝርዝር መግለጫው ላይ ያንብቡ።

መልስ 2፦
በተሰጠው ማብራሪያ እስማማለሁ፤ ሆኖም መጠኑም ችላ የሚባል አይደለም። 1920 በ1080 በሆነ ስክሪን ላይ የሚታየው አንድ ምስል የሚይዘው 8 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ለጽሑፍ ሥራና ቪዲዮ ለማየት 2 ጊጋባይት ይበቃል። ሚሞሪውን የሚሞላው የጨዋታዎችና የሦስት አቅጣጫ ሥራዎች ቴክስቸር፣ ማለትም በቅርጾቹ ላይ የሚለበጡት ምስሎች ነው። ካርዱ ሲሞላ ትርፉ ወደ ራም ይሄድና ካርዱን ከማዘርቦርዱ ጋር በሚያገናኘው በፒሲአይ ኤክስፕረስ በኩል መመላለስ ይጀምራል፤ ምስሉ የሚቆራረጠውም ያን ጊዜ ነው። የቆየ ማዘርቦርድ ያለው ሰው እዚህ ላይ ይጠንቀቅ፤ ለምሳሌ 4 ጊጋባይት ያለው የኤኤምዲ አርኤክስ 6500 ኤክስቲ የሚጠቀመው 4 የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመሮችን ብቻ በመሆኑ፣ በ4ኛው ትውልድ ማዘርቦርድ ላይ በሰከንድ 8 ጊጋባይት ገደማ የሚያስተላልፈው በ3ኛው ትውልድ ላይ በግማሽ ይቀንሳል። ካርዱ ይሠራል፤ ሚሞሪው ሲሞላ ግን ጉዳቱ ይበረታል።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የምፈልገው ለቢሮ ሥራና ለቀላል ጨዋታዎች ነው። ፓወር ሰፕላዬ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድ የለውም፤ ይህስ ያግደኛል?

መልስ 1፦
አያግድዎትም። የካርዱ ማስገቢያ ራሱ እስከ 75 ዋት ይሰጣል፤ ጂዲዲአር 5 የያዘው ጂቲ 1030 ደግሞ የሚፈልገው 30 ዋት ገደማ ነው። ዊንዶውስዎ ባለ 32 ቢት ከሆነ ግን አስቀድመው ወደ 64 ቢት ይቀይሩት፤ ባለ 32 ቢቱ ቢበዛ 4 ጊጋባይት አድራሻ ብቻ ስላለውና ካርዱም ከዚያው ላይ ድርሻ ስለሚወስድ፣ ካለዎት 8 ጊጋባይት ራም ከግማሽ በላይ የሚሆነው ያለ ጥቅም ይቀመጣል።