የልጄ ቅማል እየተመለሰ አስቸገረኝ

ሰላም እናቶች። የሴት ልጄ ፀጉር ብዙና ከርዳዳ ነው። ቅማሉን ከትምህርት ቤት ይዛው የመጣች ይመስለኛል፤ አብራት የምትቀመጠው ጓደኛዋም ታካለች። ከፋርማሲ 1 በመቶ ፐርሜትሪን የሚባል የቅማል መድኃኒት ገዝቼ ቀባኋት። ተገላገልን ስል ከጆሮዋ ጀርባና ከማጅራቷ ላይ እንደገና አየሁት።

ግራ የገባኝ ቅጫው ነው። ፎረፎር ቢሆን ሲነኩት ይረግፋል፤ ይሄ ግን ፀጉሯ ላይ ሙጭጭ ብሏል። መድኃኒቱ ቅጫውን ስለማይገድል ከ9 ቀን ገደማ በኋላ ይደገም ተብያለሁ። እሺ፣ እስከዚያ በየስንት ቀኑ ላበጥራት? ያ ጥርሱ ጠባብ ሚዶ ከርዳዳ ፀጉር ውስጥ እንዴት ነው የሚገባው? እርጥቡን ፀጉር ኮንዲሽነር ስቀባው ትንሽ ይሻላል፣ እሷ ግን ታለቅሳለች።

ጎረቤታችን እማማ ደግሞ «ነጭ ጋዝ ቀቢያትና ሻሽ እሰሪላት» ይሉኛል። እሳት ባለበት ቤት? በፍጹም! መላጨቱንም አልፈልግም፤ ልጅቷ ታፍራለች።

አንሶላውንና ሻሹን በሙቅ ውሃ አጥቤያለሁ። ፍራሹንስ? ቅማል ከራስ ከወረደ ከሁለት ቀን በላይ ብዙም አይቆይም ከተባለ ልተወው? ሹሩባ ብትሠራስ ይከላከላል ወይስ ይደብቀዋል? ታናሽ ወንድሟ አንድ አልጋ ላይ ነው የሚተኛው፤ ምንም ባላይበትም ልቀባው? እንደሷ ዓይነት ፀጉር ያላት ልጅ ያለቻችሁ፣ እባካችሁ የሠራላችሁን ንገሩኝ።