ፍልሰታን እየጾምኩ ሊንገን ተራሮች ላይ ምን ስንቅ ልያዝ?
ሰላም፣ ሰሜን ኖርዌይ በእግር የተጓዛችሁ እባካችሁ ምከሩኝ። ከትሮምሶ በስተምሥራቅ ወዳሉት የሊንገን ተራሮች ከመሪ ጋር በቡድን ልሄድ ተመዝግቤያለሁ። ጁን ላይ ፀሐይዋ ጨርሶ ባትጠልቅም ከፍታው ላይ ገና በረዶ አለ፣ ወንዙም ይሞላል ሲሉኝ ኦገስትን መረጥኩ። ኦገስት 7 ደግሞ ፍልሰታ ይገባል! የቡድኑ ስንቅ የፈላ ውሃ የሚጨመርበት እሽግ ምግብ ነው፤ ወይ ሥጋ ወይ ዓሣ አለበት። መንገድ ላይ ሱቅ የሚባል የለም።

በሶ፣ ቆሎና ለውዝ አስቤያለሁ። በሶ ብቻውን ከፊዮርዱ (ተራሮቹ መካከል ከገባው ጠባብ የባሕር ክንድ) ዳር ተነስቶ ቀጥ ያለ ዳገት ሲወጣ ለሚውል ሰው ጉልበት ይሆናል? ሽሮስ በትንሽ የጋዝ ምድጃ፣ በዚያ ንፋስ፣ ይበስላል? በዘይት የታሸ በሶ ሳይበላሽ ይቆያል የሚሉም አሉ፤ የሞከረ ካለ ልኩን ይንገረኝ። «መንገደኛ ነህ፣ ጾሙን ተወው» የሚለው ምክር ግን ይቅርብኝ። መሪው እስከ ዓርብ መልስ ይፈልጋል።