እህቴ ኤም ኤስ አለባት፤ ሙቀት ሲነካት ዓይኗ ይጋረዳል። አገረሸባት ማለት ነው?

ጥያቄ፦ የጅሬን ልጅ
ሰላም ቤተሰብ። የ28 ዓመት እህቴ ከስምንት ወር በፊት አዲስ አበባ ኤምአርአይ ተነስታ መልቲፕል ስክለሮሲስ (ኤም ኤስ፣ የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ነርቮችን የሚጎዳ በሽታ) ነው ተባለ። ያኔ ግራ ዓይኗ ብዥ ብሎባት ነበር። መድኃኒት ጀምራ ደህና ሆናለች። እሁድ ግን ከሰሉ አጠገብ ቁጭ ብላ ቡና ቆላች። አቦሉን ስትቀዳ ሲኒውን ስታ ረከቦቱ ላይ አፈሰሰችው። «ዓይኔ ተጋረደ» አለች። በረንዳ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ስትቀመጥ ለቀቃት። እማዬ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ አሸተተቻት። ከዚያ ወዲህ ፀሐይ እንዳይነካት ከቤት አታስወጣትም። አገርሽቶባት ይሆን? ቡናስ ትተው? ጎረቤት ደግሞ «ጭንቀት ነው ያመጣባት» እያለ ያስለቅሳታል።

ሲስተር ከአጂፕ
አይዞህ ወንድሜ። እንደነገርከን ከሆነ ማገርሸት አይመስልም። የተጎዳ ነርቭ ሰውነት ትንሽ ሲሞቅ መልእክት ማስተላለፍ ያቅተዋል፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። አዲስ ጉዳት አይደለም። ኡትሆፍ የተባለ ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1890 ጽፎታል። አገረሸ የሚባለው አዲስ ምልክት ሲመጣ ወይም የድሮው ሲብስና ከ24 ሰዓት በላይ ሲቆይ ነው፤ ያውም ትኩሳትና ኢንፌክሽን ሳይኖር። ጅማ ላይ ይህችን ነገር ልብ በሉ፦ ወባም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም የድሮውን ምልክት ይቀሰቅሳሉ። ካተኮሳት መጀመሪያ ደሟና ሽንቷ ይታይ። በግምት ዴክሳ የሚባለውን የስቴሮይድ መርፌ ገዝታችሁ እንዳታስወጉ። በእርግጥ ካገረሸባትም ስቴሮይዱን ሐኪሟ ያዛል።

ባለ ስድስት ዓመት
እኔም ኤም ኤስ አለብኝ። ቡናውን ትጠጣ፤ ሌላ ሰው ይቁላላት! እኔ ሽንት ስለሚያጣድፈኝ ብቻ ከሁለተኛው አላልፍም። ልብስ በጠዋት አጥባለሁ፣ ሲሞቀኝ ነጠላ በቀዝቃዛ ውኃ ነክሬ አንገቴ ላይ ጣል አደርጋለሁ። ድካሙን ስንፍና እንዳትሉባት፣ እባካችሁ። ከሰዓት በኋላ ክንዴ የሰው ክንድ ይመስለኛል። ሲጋራ ካለ ይቁም፤ በሽታውን ያፋጥነዋል። የበርጫ ቤት ጭስም ያው ነው። ጫት ደግሞ እንቅልፌን ይነሳኝ ነበር፣ ሳልተኛ ያደርኩ ቀን እግሬ አይታዘዘኝም።

አባ ቡና
መድኃኒቱን አቁሙና ጥቁር አዝሙድ በማር ስጧት። የአጎቴ ልጅ ድና ተነስታለች።

ሲስተር ከአጂፕ
ጋሼ፣ ማሩን ትብላ። መድኃኒቱ ግን አይቁም። ይህ በሽታ ብዙ ጊዜ ያለምንም ነገር ጋብ ይልና ሰው የዳነ ይመስለዋል፤ መድኃኒቱ የሚሰጠው ቀጣዩ እንዳይመጣ ነው።

የላብ ልጅ
ጎረቤታችሁ «ጭንቀት ነው ያመጣባት» ላለው፣ በሽታው አንድ ምክንያት ብቻ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት ከ10 ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ወታደሮችን መረጃ አይቶ፣ ኤፕስቲን ባር የሚባለው ቫይረስ ከያዛቸው በኋላ ለኤም ኤስ የመጋለጥ ዕድላቸው 32 እጥፍ መጨመሩን አገኘ። ግን ቫይረሱ አብዛኞቻችን ውስጥ አለ፤ ብቻውን አይበቃም። ዘር፣ ሲጋራ፣ የቫይታሚን ዲ ማነስ፣ በልጅነት ከመጠን በላይ መወፈር ይጨመሩበታል። ሴቶችን ከወንዶች ሁለት ሦስት እጥፍ ይይዛል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ስለዚህ ጎረቤታችሁ ዝም ይበል። ከቤት አለማስወጣቱም ትክክል አይደለም፤ ችግሩ ሙቀቱ እንጂ ብርሃኑ አይደለም። የጠዋት ፀሐይ ትሙቅ፣ ጠዋት ጠዋት በእግሯ ትንቀሳቀስ። ቫይታሚን ዲ ግን ሳትለካ በብዛት አትዋጥ።

የጅሬን ልጅ
እግዜር ይስጥልኝ። አንድ የረሳሁት፦ ልታገባ ነው። መውለድስ?

ባለ ስድስት ዓመት
እልል! እኔ አንድ ወልጃለሁ። እርግዝና ላይ ማገርሸቱ ይቀንሳል፣ ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት ግን ይጨምራል፤ ያኔ አግዟት። ሳታረግዝ በፊት ለሐኪሟ ትንገር፣ አንዳንዱ መድኃኒት ለፅንስ አይሆንም።

የጅሬን ልጅ
ሽንቷ ታየ፣ ንጹህ ነው። ወባም የለባትም። ዛሬ እማዬ ቆላች፣ እህቴ በረንዳ ላይ ሆና ቀዳች። ዳማከሴው ግን አሁንም ከረከቦቱ አጠገብ አለ።